ጅብ ከሄደ የሚጮህ ቁጥጥር

ለመሆኑ የራስን ዓሣ መርዞ የመጤ ዓሣ ማርባት ‹‹ልማት›› የሚባለው በየትኛው አገር ነው? ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በሠለጠነችው አሜሪካ ነው!

በሴፕቴምበር 1962 (እ.ኤ.አ.) የዋዮሚንግና የዩታ ባለሥልጣናት በፌዴራሉ መንግሥት ድጋፍ፣ በግሪን ወንዝና በገባሮቹ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ሮቴኖን የተባለ መርዝ ለቀቁ። ለምን? የፍሌሚንግ ጎርጅ ግድብ ውኃ ሊይዝ ነበርና፣ በመንጠቆ ለሚዝናኑ ሰዎች ትራውት የሚባለውን ዓሣ ለመልቀቅ ቦታው ‹‹መጽዳት›› ነበረበት። የወንዙ ነባር ዓሦች እንደ እርባና ቢስ ተቆጠሩ። መርዙን ያረክሳል የተባለው ኬሚካልም ሳያቆመው ቀርቶ፣ መርዙ ዳይኖሰር እስከሚባለው ጥብቅ ሥፍራ ዘለቀ። በ1967 ያው የፌዴራል መንግሥት፣ ከነዚያው እርባና ቢሶች አንዱን፣ ጀርባ ጎባጣውን ሃምፕባክ ቸብ፣ ‹‹ሊጠፋ ነው›› ብሎ መዘገበው። ጉድ ነው!

ቁጥጥሩ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። እዚያው በኮሎራዶ ወንዝ፣ ከግሌን ካንየን ግድብ በታች ትራውት ከ1964 ጀምሮ ተለቆ ነበር። ከ2003 እስከ 2006 ባለሙያዎች ግራንድ ካንየን ውስጥ በኤሌክትሪክ እያደነዘዙ ከ19,000 በላይ ትራውት ለቅመው አወጡ። ሆዱ ሲቀደድ የነባሮቹ ዓሦች ግልገሎች ተገኙ። የቸብ ቁጥርም አንሰራራ። ታዲያ ድሉ የማን ነው? በነዚያው ዓመታት ድርቅ ሐይቁን አጉድሎት ከግድቡ የሚወጣው ውኃ ሞቆ ነበር፤ ቅዝቃዜ ደግሞ ለቸብ ጠላቱ ነው። የትኛው እንደረዳው መለየት አጥኚዎቹንም አስቸገረ።

‹‹ጥፋቱ የግድቡ እንጂ የትራውቱ አይደለም›› የሚሉ አሉ። ግድቡ ንጹሕ ነው ያለ የለም። ነገር ግን በቅጡ ሳይቆጥሩ ለቅቀው ኋላ ጥፋተኛ መፈለግ፣ አሻራውን ራሱ ጠርጎ ሌባ ፍለጋ እንደሚባዝን ፖሊስ መሆን ነው። ቸብ ‹‹አንድ ደረጃ ተሻለው›› የተባለው በ2021 ነው። 54 ዓመት!

‹‹የፈረንጅ ዓሣ ለኛ ምናችን ነው?›› የምትል ወገን ካለህ ስማ። ያው ትራውት በንጉሡ ዘመን ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወይብና ዳንካ ወንዞች ተለቋል። ጣና ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ፣ እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች የሚወጡ ዓሦች አሉት። እነሱ ቢጠፉ ከየት ይገዛሉ?

ነገ አንዱ ሹም ‹‹ቱሪስት ይመጣልናል›› ብሎ ዓሣ በበርሜል ጭኖ ቢመጣ እንጠይቀው። ነባሩን አስቀድሞ ማን ቆጠረው? ከለቀቃችሁ በኋላስ በየዓመቱ ማን ሊቆጥር ነው? ቆጣሪው ነጻ ሰው ነው ወይስ የማጥመጃ ፈቃድ ሻጩ ደመወዝተኛ? ውጤቱስ ለሕዝብ ይነገራል ወይስ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል?

መልስ ከሌለው በርሜሉን ይዞ ይመለስ። ሳይቃጠል በቅጠል!