ባሕረኛና ትምህርቱ

ለመዘዞ ደጋ ገበሬ ባሕር የሩቅ ወሬ ይመስለዋል፤ ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ግን ባሕር ተሻግሮ በጅቡቲ በኩል የመጣ ነው።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1940ዎቹ ዓመታት በምጽዋ ሲቋቋም የኖርዌይ መኰንኖች አስተማሩት፤ በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችው «ኢትዮጵያ» የተባለች መርከብም የዕጩ መኰንኖች መማሪያ ሆነች። በ1983 ዓ.ም. መርከቦቹ ወደ የመን ሸሹ፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ መንግሥት ስትሆን ወደቡ ቀረ፤ ከዚያም ባሕር ኃይሉ ፈረሰ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋራ የተፈረመው ስምምነት እንደ ገና ማቋቋሙን ለመርዳት የታሰበ ነበር።

መርከብ በገንዘብ ይገዛል፤ ባሕረኛ ግን በብዙ ዘመን ትምህርት ይገኛል። ስለዚህ ለልምምድ ወደ ውጭ አገር የሚላከው ወጣት ሲመለስ የሚሠራበትን ቦታ አስቀድሞ ማሰናዳት ይገባል፤ ያለዚያ ዕውቀቱ እንደ ቀድሞው ይበተናል።