«ዳታ ገዝተህ ና» ለምትሉ ሁሉ

ሰሞኑን ከወደ አሜሪካ አንድ መልእክት ደረሰኝ። ላኪው የአክስቴ ልጅ ነው። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዳባት አያቱ ዘንድ ይላክ ነበር። አሁን የሁለት ልጆች አባት ሆኗልና ያደገበትን አገር ሊያሳያቸው አምሮታል። ዕቅዱ በመኪና ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ፣ ከዚያ ስሜን ተራሮች፣ ቢቀናው ደግሞ ሊማሊሞን ወርዶ እስከ አክሱም።

እሰየው ብያለሁ። ችግሩ ከመልእክቱ ጋር አባሪ ሆኖ የመጣው ሠንጠረዥ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም፣ የሳፋሪኮም ሲም፣ የአሜሪካውን ሲም ሮሚንግ አድርጎ መምጣት፣ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው ኢሲም። በየአንዳንዱ ትይዩ ዋጋ፣ ፍጥነት፣ የጊጋ ብዛት። ከሥር ደግሞ ጥያቄ፦ «ካርታው በቀን ስንት ሜጋ ይበላል? ጓደኞቼ ዳታ ገዝተህ ና፣ ሌላው ቀላል ነው ብለውኛል።»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ሠንጠረዡ የዋጋ ዓምድ አለው፣ የፍጥነት ዓምድ አለው፤ «ማን ያጠፋዋል?» የሚል ዓምድ ግን የለውም። ይኼ ሰው እኮ ወደ ፈረንሳይ አይደለም የሚሄደው! ወደ ሰሜን ጎንደር ነው።

ይኸውላችሁ፣ በኛ አገር የኔትወርክ ጥያቄ የፓኬጅ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። ከምርጫ 97 ማግስት የሞባይል አጭር መልእክት ተዘጋ፤ እስከ ሚሊኒየሙ ሰሞን ድረስ ሁለት ዓመት ግድም «እንዴት ነህ» ብሎ በጽሑፍ መላክ አይቻልም ነበር። በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ፣ የሞባይል ዳታ ሄደ። ሰኔ 2011 ላይ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ባለሥልጣናት በተገደሉ ጊዜ የመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ጠፋ። ሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል እንደገና ጠፋ፣ ያውም ለሳምንታት። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ጨለማ ውስጥ ከረመች። ሐምሌ 2015 ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲነሣና አዋጁ ሲታወጅ የክልሉ የሞባይል ዳታ ተዘጋ፤ ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቶ ሲመለስም የተመለሰው በከፊልና በየከተማው ነበር።

እንግዲህ ይኼን ሁሉ ያየ ሰው «ስንት ጊጋ ይበቃኛል?» ብሎ ሲጠይቅ ምን ይባላል? ዜሮ ጊጋ እንዲበቃህ አድርገህ ና ነው መልሱ።

«ታዲያ የውጭ ሲም ይዤ ብመጣስ?» የሚል አይጠፋም። ብልሃት መስሎታል። እውነት ነው፣ ሮሚንግ ላይ ያለ ስልክ ዳታው ዞሮ በአገሩ ኩባንያ በኩል ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ አንዳንድ ድረ ገጽ ተዘግቶ እያለ ለሱ ሊከፈትለት ይችላል። ነገር ግን ሲሙ የትም ይመረት የት፣ ዳባት ላይ የሚጠለለው እዚያው ዳባት በተተከለው አንቴና ሥር ነው። አንቴናው ዳታ እንዳይሰጥ ከተደረገ የአሜሪካውም ሲም፣ የኢሲሙም ኮድ፣ የአገር ቤቱም ሲም እኩል ነው። የሳተላይት ስልክስ ካላችሁ፣ እሱን ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ በቦሌ ጉምሩክ ስለስሜን ተራራ ውበት ስታስረዱ ልትውሉ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው ነገር ልምጣ። ስልካችሁ የት እንዳላችሁ የሚያውቀው በዳታ አይደለም። ጂፒኤስ የሚባለው ነገር ከሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚመጣ ምልክት ነው፤ ስልኩ ያዳምጣል እንጂ መልሶ አይናገርም። ሲም አይፈልግም፣ ካርድ አይቆርጥም። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ብትቆሙ የቆማችሁበትን ቦታ በጥቂት ሜትር ልዩነት ይነግራችኋል። (ከሩቅ አገር መጥታችሁ ያለ ዳታ መጀመሪያ ስትከፍቱት ደቂቃዎች ሊፈጅበት ይችላል። ሰማይ በሚታይበት ቦታ ቁሙና ታገሡት።) ሳተላይቱን የሚያጠፋ የክልል ኃላፊ ገና አልተሾመም።

ዳታ የሚፈልገው ሥዕሉ ነው፤ መንገዱን፣ ከተማውን፣ ወንዙን የሚያሳየው ሥዕል። ዳታ ሲጠፋ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ሰማያዊዋ ነጥብ ነጭ ሜዳ ላይ ብቻዋን ትቆማለች። የት እንዳላችሁ በትክክል ታውቃለች፣ ያ ቦታ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። መድኃኒቱ ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም። ገና ቤታችሁ ዋይፋይ ላይ ሳላችሁ ካርታውን አውርዱት፣ አለቀ። ጉግል ማፕ አካባቢ መርጦ ማውረድ ይፈቅዳል፤ ጊዜው ሲያልፍ ማደስ እንዳትረሱ። በዚያ መልክ የወረደው ግን የመኪና መንገድ ይመራችኋል እንጂ የእግር መንገድ አይመራም። ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ በእግር ለሚሄድ ሰው በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የተሠሩት፣ እንደ ኦርጋኒክ ማፕስ ያሉት ይሻሉታል፤ ያለ ዳታ እንዲሠሩ ተብለው የተሠሩ ናቸው።

የወረቀት ካርታም አትናቁ። የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሳተሙት የስሜን የእግር ጉዞ ካርታ አለ። ከጀርባው ያለው ስም ሃንስ ሁርኒ ነው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ የፓርኩ ኃላፊ ሆኖ ስሜን ላይ የሠራ ስዊስ። የራሳችንን ተራራ ካርታ ስዊሶች ሠርተው እንዲሰጡን መጠበቃችን ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። ለጊዜው ግን የሚጠቅመን ወረቀት ባትሪ የማያልቅበት መሆኑ ነው። የጨነቅ ሌሊት ብርድ ደግሞ ሙሉ ቻርጅ የተደረገ ስልክ ጠዋት ግማሽ አድርጎ ያስረክባል። ስልካችሁን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዛችሁት ተኙ።

እስከዚህ ድረስ ያልኩት ስለ መሣሪያው ነው። የጠላሁት ግን መሣሪያውን ሳይሆን «ሌላው ቀላል ነው» የምትለዋን ነገር ነው።

ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስልኩ ሁለት ሰዓት ምናምን ይላችኋል። ስልኩ የማያውቀው ብዙ ነገር አለ። የገበያ ቀን መንገዱ በሰውና በአህያ እንደሚሞላ አያውቅም። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ የፊት መብራት አምስት ሜትር እንደማያሳይ አያውቅም። ከሁሉ በላይ ዛሬ መንገዱ ሰላም ይሁን አይሁን አያውቅም። ባለፉት ዓመታት በሰሜን ጎንደር መንገዶች ላይ ሰው ሲታገት፣ መኪና ሲቆም፣ መንገድ ለቀናት ሲዘጋ ከርሟል። ካርታው ላይ ግን መስመሩ ያው ሰማያዊ ነው፤ ያቺ ሴትዮም በዚያው ለስላሳ ድምጿ «ቀጥ ብለው ይሂዱ» ትላለች።

መንገዱን የሚያውቀው ከፊት ለፊታችሁ የሚመጣው ሹፌር ነው። መብራት አብርቶ ያቆማል፣ መስኮት ያወርዳል፣ «እንዴት ነው ወደዚያ?» «ሰላም ነው፣ ኬላዋ ላይ ብቻ ትንሽ ያቆያሉ።» በቃ፣ ይኼ ነው መረጃ። በጊጋ አይለካም። ስለዚህ አሽከርካሪነትህን ባከብርም፣ የአክስቴ ልጅ ሆይ፣ መኪናውን ከነሹፌሩ ተከራይ፤ ለነገሩ አብዛኛው አከራይም ያለ ሹፌር አይሰጥህም። የአካባቢው ሹፌር ጠዋት ከመነሣቱ በፊት አምስት ቦታ ደውሎ መንገዱን ይጠይቃል። ዳታ ሲዘጋ ብዙ ጊዜ የድምፅ ጥሪ ይቀራልና የሹፌሩን፣ የአስጎብኚውን፣ የሆቴሉን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈህ ኪስህ ክተት። ዋትስአፕ ውስጥ ብቻ ያለ የሆቴል አድራሻ ዳታ በሌለበት ቀን የት ሄዶ ይነበብልሃል?

እርግጥ ሰውም ይሳሳታል። ስሜን ውስጥ «ገና ነው ወይ አባባ?» ብላችሁ ስትጠይቁ «እዚችው ናት!» የሚል መልስ ከሰጧችሁ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይቀራችኋል። አባባ አልዋሹም፣ በራሳቸው እግር ለክተው ነው። እዚህ ጋ ስልኩ ይጠቅማል፤ ኪሎ ሜትሩን እሱ ይነግራችኋል። መንገዱን ከሰው፣ ርቀቱን ከስልክ ውሰዱ።

አሁን ደግሞ ወደ ዋናው ንዴቴ። ዳታ ሲዘጋ የሚጎዳው የአክስቴ ልጅ አይደለም፤ እሱ ቢበዛ ጉዞውን ሰርዞ ኬንያ ይሄዳል። ደባርቅ ከተማ ውስጥ ግን ከፓርኩ ጋር የታሰረ ስንት እንጀራ አለ! አስጎብኚው፣ ጠመንጃ አንግቶ ከእንግዳ ጋር የሚወጣው ስካውት፣ አብሳዩ፣ ባለ በቅሎው፣ ሽንኩርትና ዱቄት የምትሸጥላቸው ሴት። በ2008 ዓ.ም. ከግጭ መንደር ተነሥተው ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ የተደረጉ ከ400 በላይ አባወራዎች አሉ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ የወጣው በ2017 ነው፣ ለመውጣቱም የእነዚህ ሰዎች ከማሳቸው መነሣት አንዱ ዋጋ ነበር። ከቱሪስት ትተዳደራላችሁ ተባሉ። ከዚያ ኮሮና መጣ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣና በ2013 ክረምት እስከ ዳባት አፋፍ ደረሰ። ቀጥሎ ሌላ ግጭት፣ ከሱም ጋር የተዘጋ ዳታ።

እስቲ አስቡት። አስጎብኚው ሥራ የሚያገኘው በኢሜይልና በዋትስአፕ ነው። አንድ ጀርመናዊ «ኅዳር ላይ አራት ሆነን እንመጣለን፣ ዋጋ ላክልን» ብሎ ጽፎለታል። መልእክቱ አልደረሰም። ጀርመናዊው ሳምንት ጠበቀ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቀ፣ ሰውየው ሰነፍ ነው ብሎ ተወው። አስጎብኚው ይህን ሥራ ማጣቱን እንኳ አያውቅም። ጉዳቱ ይኼ ነው። የማይታይ ኪሳራ ስለሆነም ማንም አይቆጥርለትም፣ ማንም ይቅርታ አይጠይቀውም።

«የጸጥታ ጉዳይ ነው፣ አማራጭ አልነበረም» ይሉናል። ይሁን፣ እንየው። መሣሪያ የያዘ ሰው ሊማሊሞን የሚወጣው ጉግል ማፕ ከፍቶ ነው እንዴ? ተወልዶበታል እኮ! የበግ መንገዱን፣ ዋሻውን፣ ምንጩን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ካርታ ሲጠፋ የሚጠፋው እንግዳው ብቻ ነው። አሉባልታን ለመከላከል ነው የሚሉም አሉ። አሉባልታ ግን ዳታ አያስፈልገውም፤ በአውቶቡስም በገበያም ይሄዳል። ዳታ የሚያስፈልገው ማጣሪያው ነው። «መንገድ ተዘግቷል ይባላል» የሚለውን ወሬ ሰምቶ እውነቱን ማየት የሚፈልግ ሰው ነው ባዶ ስክሪን ይዞ የሚቀረው። እንዲህ እያደረግን «ምድረ ቀደምት» ብለን በአውሮፓ የቱሪዝም ባዛር ላይ የዋልያ ፎቶ እንለጥፋለን። እንግዳ ጠርቶ በሩን ቆልፎ የሚተኛ ባለቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከዳያስፖራ ወዳጆቻችንም ጋር ትንሽ ጠብ አለኝ። ኔትወርኩ ሲጠፋ «ኋላ ቀር አገር» ብላችሁ ትስቃላችሁ፤ ሲመለስ ደግሞ በሰላም ደባርቅ ስለደረሳችሁ ስልካችሁን ታመሰግናላችሁ። ያደረሳችሁ ሹፌሩ ነው። በየኬላው ወርዶ ያስረዳው፣ ማታ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ አልሄድም ብሎ ከናንተ ጋር የተጨቃጨቀው፣ ምሳ ላይ ለብቻው ጥግ ይዞ የተቀመጠው ሰውዬ። ለኢሲም ያወጣችሁትን ያህል ጉርሻ ሰጥታችሁታል?

ለማንኛውም፣ ለአክስቴ ልጅ ሠንጠረዡን መልሼ ላክሁለት። «ማን ያጠፋዋል?» የሚል ዓምድ ጨምሬ በአራቱም ትይዩ አንድ ዓይነት መልስ ጻፍኩበት። ከሥሩም፦ ርካሹን የአገር ቤት ሲም ግዛ፣ ካርታውን ከነሙሉው ሰሜን አውርድ፣ ወረቀት ያዝ፣ ሹፌር ያዝ፣ ከመነሣትህ በፊት ባለው ሳምንት ደባርቅ ደውል፤ አትምጣ ካሉህ አትምጣ።

ማታውኑ መለሰልኝ። ካርታውን አውርዶ ከልጆቹ ጋር ዳባትን ሲያጎሉ አምሽተዋል፤ የአያቱን ቤት ፈልገው አጡት። ጣሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ሆኖባቸዋል። በመጨረሻ እናቱ ጋ ደወለ። አክስቴ ስልኩን ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና መሰለኝ፣ ነገረችው፦ «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ትላለህ፣ ትልቁ ወይራ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ፤ እዚያ ስትደርስ የማንን ልጅ ነህ ይሉሃል፣ የኔን ስም ጥራ።»