ሸክላውን ለቆራሌ አትስጡት

ሸክላ ሰብሳቢን የሚያናንቁ ሰዎች ተሳስተዋል፤ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ከመጥፋት ካዳኑት መካከል እሱም አለበትና። እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ እሸቴ አምኃ ሪከርድስን ሲያቋቁም፣ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ወጣቱ ነጋዴ ግን ደፍሮ የዘፋኙን የአለማየሁ እሸቴን ድምፅ አስቀረጸ፣ ሸክላውንም ሕንድ አሳትሞ ገበያ አወጣው። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችን አበረከተ። በየገጻቸው አንዳንድ ዘፈን የያዙት እነዚያ ትናንሽ ሸክላዎች ካሴት ሲመጣ ተረሱ፤ ብዙዎቹም ተጫጭረው፣ ተሰባብረው ቀሩ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1997 የዚያን ዘመን ዘፈኖች እንደገና የሚያሳትመውን «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ ተከታታይ አልበም ሲጀምር የዓለም ጆሮ ወደ አዲስ አበባ ዞረ። ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ በ1977 ያወጡት «ጨበለው» የተሰኘ አልበም በ2014 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ታትሟል። ዋናው ቅጂ ግን ዛሬም ብርቅ ነው። ስለዚህ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ በአያቶቹ ሳጥን ውስጥ አሮጌ ሸክላ ያገኘ ቤተሰብ ለቆራሌ ከመስጠቱ በፊት ያስብበት። ጠርዙን ይዞ አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ይጥረግ፣ የዘፋኙንና የአሳታሚውን ስም ይመዝግብ፣ ከፀሐይ አርቆም አቁሞ ያስቀምጠው።