ሩዝ አምራቹ የፎገራ ቤተሰብ፤ ገቢው፣ ዕዳውና የመክፈያው ጊዜ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ከሚያመራው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ወረታ ከተማ በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ፋታ የላትም። ከፎገራ ሜዳ ቀበሌዎች በጋሪ፣ በአህያና በአይሱዙ የሚገባው ያልተፈለፈለ ሩዝ በመፈልፈያ ወፍጮዎች ደጃፍ ተደርድሮ ተራውን ይጠብቃል። ነጋዴውም ገንዘቡን ይዞ እዚያው ይገኛል። በእነዚሁ ሳምንታት የብድር መክፈያ ቀን ይደርሳል፤ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የግብርና ገቢ ግብር ይጠየቃል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው። ሁሉም ሻጭ በሆነበት ወቅት ዋጋ ዝቅ እንደሚል አርሶ አደሩ ከማንም በላይ ያውቃል። ይሁን እንጂ ይሸጣል።

ስለ ገጠር ቤተሰብ ዕዳ በተነሳ ቁጥር በየመድረኩ የሚደመጠው ምክንያት የቁጠባ ባህል አለመዳበር ነው። ምክንያቱ ከፊል እውነትነት ቢኖረውም የፎገራን ሁኔታ ሙሉ በሙሉ አይገልጸውም። ፎገራ ድሃ መሬት አይደለም። በርብና በጉማራ ወንዞች ደለል የዳበረው ይህ ሜዳ ቀደም ሲል በክረምት ውኃ ስለሚተኛበት በዋናነት የሚታወቀው በፎገራ ከብት ግጦሽነቱ ነበር። በ1970ዎቹ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ የተሞከረው ሩዝ፣ እንቅፋት የነበረውን ውኃ ወደ ሀብት ለውጦታል። ዛሬም አርሶ አደሩ አብልጦ ከሚዘራቸው ዝርያዎች አንዱ በዚያችው መንደር ስም ኤክስ ጅግና እየተባለ ይጠራል። በወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መገንባቱም አካባቢው በአገር ደረጃ ያገኘውን ቦታ ያመለክታል። ሩዙ ከተነሳ በኋላ በማሳው ውስጥ በሚቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ወንዝ የሚቀርበው አርሶ አደር ደግሞ በሞተር ውኃ እየሳበ በበጋው ሽንኩርት ያለማል። የገቢ ምንጭ አለ ማለት ነው። ችግሩ ገቢውና ወጪው በዓመቱ ውስጥ የሚገናኙበት ጊዜ ላይ ነው።

የአንድ ሩዝ አምራች ቤተሰብ የወጪ ዓመት ሲታይ ይህ ግልጽ ይሆናል። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ማዳበሪያ ይገዛል፤ ለአረምና ለቀን ሠራተኛ ይከፈላል። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ይጎድላል፤ እህል ከገበያ የሚሸመተውም ዋጋው ከፍ ባለበት በዚሁ ወቅት ነው። በመስከረም ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ደብተርና ልብስ ያስፈልጋል። ሩዙ ግን ገና በማሳ ላይ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ስድስት ወር ያህል እየተበደረ ይቆያል፤ ከዚያም በሁለት ወር ውስጥ የተበደረውን ሁሉ ይመልሳል። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው በጀቱን በሠላሳ ቀን ሲከፋፍል፣ የፎገራ አርሶ አደር አንድ ጊዜ ያገኘውን በአሥራ ሦስቱም ወራት ላይ ማዳረስ ይጠበቅበታል።

የብድሩ አሠራር ይህን ሂደት ምን ያህል ተገንዝቦታል የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም የተገኘው መልካም የበቆሎ ምርት ዋጋውን ክፉኛ ባወረደ ጊዜ በዋና ዋና አምራች አካባቢዎች ብዙ አርሶ አደሮች የማዳበሪያ ዕዳቸውን መክፈል ተስኗቸው እንደነበርና በቀጣዩ ወቅት የማዳበሪያ ፍላጎት እንደቀነሰ ይታወሳል። ክልሎች በበጀታቸው ዋስ ስለነበሩ ያልተመለሰው ዕዳ ወደ መንግሥት ካዝና ዞሯል። ያ ዓመት ያስተማረው ብዙ ማምረት ብቻውን ዕዳ እንደማይከፍል ነው። በአማራ ክልል ቆየት ብሎ የተጀመረው የግብዓት ቫውቸር አሠራር የብድሩን አሰጣጥና አመላለስ ከአስተዳደር አካላት ትከሻ አውርዶ ወደ ገንዘብ ተቋም ማሻገሩ ትልቅ እርምጃ ነበር። የመክፈያው ወቅት ግን ከምርት መሰብሰቢያው ብዙም አልራቀም።

በክልሉ የገጠር ብድር ሲነሳ አብቁተ ሳይጠቀስ አይታለፍም። በአመልድ ሥር ተጀምሮ በ1989 ዓ.ም ፈቃድ አግኝቶ የተቋቋመው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የባንክ ደጅ ረግጦ ለማያውቅ አርሶ አደር በቡድን ዋስትና ገንዘብ ማበደርን ያስለመደ ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም ጸደይ ባንክ ሆኖ ወደ ሥራ ገብቷል። የቡድን ዋስትና መነሻ ሐሳቡ በባንግላዴሽ ከግራሚን ባንክ ተሞክሮ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ አገር ተበዳሪዎቹ በአብዛኛው ዶሮ የሚያረቡ፣ ወተት የሚሸጡና በጥቃቅን ንግድ የተሰማሩ ሴቶች ስለነበሩ ዕዳው በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይመለስ ነበር። አከፋፈሉ የገቢውን አመጣጥ ተከትሎ የተቀረጸ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። በአንጻሩ በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት አንድ ቤተሰብ ከበርካታ ተቋማት ደራርቦ እንዲበደር በመደረጉና የአሰባሰቡ ጫና በመበርታቱ እ.ኤ.አ. በ2010 የግዛቲቱ መንግሥት በሕግ ጣልቃ ለመግባት ተገዷል። ለድሆች የታሰበ ብድር ራሱ ድህነት ሊሆን እንደሚችል ያ አጋጣሚ አሳይቷል።

የመክፈያ ጊዜ በአንድ ጎተራ ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ለአብነት ያህል፣ ዕዳውን በኅዳር ለመክፈል ስድስት ኩንታል ሩዝ መሸጥ ያለበት ቤተሰብ ይታሰብ። የሩዝ ዋጋ እስከ ግንቦት በአንድ ሦስተኛ ቢጨምር ያንኑ ገንዘብ የሚያስገኘው አራት ኩንታል ተኩል ነው። ብድሩ በዓመት 18 በመቶ ወለድ የሚከፈልበት ቢሆንና መክፈያው ለስድስት ወር ቢራዘም፣ የዕዳው መጠን በ9 በመቶ ያድጋል፤ እንዲያም ሆኖ አምስት ኩንታል የማይሞላ ሩዝ ይበቃል። ቤተሰቡ ወለዱን ከፍሎም ከአንድ ኩንታል በላይ ይተርፈዋል። አይጥና ነቀዝ የሚያጠፉት፣ ለማከማቻ የሚወጣውም ሊቀነስ ይገባል፤ ዋጋው ሳይጨምር የሚቀርበት ዓመትም አለ። ይህ ሁሉ ታስቦም ቢሆን፣ በኅዳር ለመሸጥ የሚገደድ ቤተሰብ የሚያጣው አንድ ኩንታል በነሐሴ ከገበያ በውድ የሚገዛው ያው አንድ ኩንታል መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የሕጋዊ ተቋም ዕዳ ያለበት ሰው በመክፈያው ቀን ገንዘብ ሲያጣ የሚሄደው ወደ አራጣ አበዳሪ ነው። የዋስ ጓደኞቹን ላለማሳፈር ሲል ከአራጣ ተበድሮ የብድር ተቋሙን ይከፍላል፤ በተቋሙ መዝገብ ላይ መልካም ተበዳሪ ተብሎም ይመዘገባል። የተመላሽ ብድር ቁጥር ብቻውን የቤተሰብን ጤንነት አያሳይም የሚባለው ለዚህ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የገንዘብ ብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ የወንጀል ሕጉም አራጣን በአንቀጽ 712 ያስቀጣል። ከመቶ ብር በወር አሥር ብር የሚያስከፍል አበዳሪ ታዲያ ሕጉ ከፈቀደው አሥር እጥፍ እየወሰደ ነው። ነገር ግን ውሉ የሚጻፈው ዋናውና ወለዱ ተደምሮ በመሆኑ ፍርድ ቤት ሲቀርብ አራጣነቱ አይታይም። ሰብሉን በማሳ ላይ እያለ በቁርጥ ዋጋ መሸጥም ስሙ ሽያጭ ይሁን እንጂ በሥራው ከዚህ አይለይም።

የዕዳው መጨረሻ መሬት ላይ ሲያርፍ ጉዳዩ የከፋ ይሆናል። አበዳሪው ዕዳው እስኪከፈል ማሳውን እያረሰ የሚጠቀምበት ወለድ አገድ በገጠሩ የቆየ ልማድ ነው፤ ባለመሬቱ በገዛ ማሳው የቀን ሠራተኛ ወይም የእኩል አራሽ ይሆናል። በሌላ በኩል የአማራ ክልል በ2009 ዓ.ም ያሻሻለው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝን ፈቅዷል። ይህም አርሶ አደሩ ከአራጣ ተላቆ የተሻለ ብድር የሚያገኝበትን በር የከፈተ ነው። ነገር ግን ከዚህ በኋላ በተሳሳተ ወር ላይ የተቀጠረ የመክፈያ ቀን የሚያሳጣው ጥቂት ኩንታል ሩዝ ብቻ ላይሆን ይችላል። በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በጋራ የሚሰፍር ሲሆን፣ በብድሩ ውል ላይ የሚስት ፊርማ ለይስሙላ ሳይሆን ተነግሯትና ገብቷት መሆኑ ሊረጋገጥ ይገባል። ጎተራው ስንት ወር እንደሚያደርስ በትክክል የምታውቀው እርሷ ናትና።

በቤተሰብ ደረጃ የሚያዝ በጀት ከብር ይልቅ በኩንታል ቢሆን ይመረጣል። የዘር፣ የቀለብ፣ የዕዳና የሽያጭ ተብሎ ምርቱ ገና ከአውድማ ሳይነሳ ሲለይ፣ ለሰርግና ለተዝካር የሚቀረው ከየትኛው ክፍል እንደሚወጣ በግልጽ ይታያል። ድግስን ማውገዝ ቀላል ነው፤ ሆኖም ድግስ የዘመድና የጎረቤት ድጋፍ የሚጸናበት መንገድ ስለሆነ በንግግር ብቻ አይቀርም። የሚቻለው ከቀለቡና ከዘሩ እንዳይነካ ማድረግ ነው።

ድንገተኛ ወጪን በተመለከተ ፎገራ የራሷ ተሞክሮ አላት። በ2003 ዓ.ም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በሙከራ ደረጃ ከተጀመረባቸው የክልሉ ወረዳዎች አንዷ እርሷ ነበረች። ከዚያ በፊት ለሕክምና ሲባል በሬ መሸጥ ወይም መበደር የተለመደ ነበር፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈለው መዋጮ ይህን ሥጋት ቀንሷል። የሰው ጤና መድኅን ሲያገኝ ሰብሉ ግን ያለ መከታ ነው። በ1998 ዓ.ም ክረምት መገባደጃ ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቁ የጠፋው ሰብል በብድር የተዘራም ነበር። ከ2015 ዓ.ም መገባደጃ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭት ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሽንኩርት አምራቹን በእጅጉ ይጎዳል። ሩዝ በጎተራ መክፈቻውን ቀን ይጠብቃል፤ ሽንኩርት አይጠብቅም። በሽንኩርት ተስፋ ለሞተርና ለነዳጅ መበደር በሩዝ ዕዳ ላይ ሁለተኛ ዕዳ መደረብ መሆኑ ከግምት ሊገባ ይገባል።

ስለ አርሶ አደሩ ዕዳ ሪፖርት የሚያዘጋጀው የወረዳ ሠራተኛም ራሱ ከዕዳ ነጻ አይደለም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ በተሻሻለው የደመወዝ እርከን የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ባለሙያ 11,500 ብር ይከፈለዋል። በ2017 ዓ.ም በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት 2,100 ብር ግብርና 7 በመቶ ማለትም 805 ብር የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ በእጁ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ከመንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዝ የሚቆረጠው ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ በሕግ ገደብ ተቀምጧል። ከጠቅላላ ደመወዙ አንድ ሦስተኛው ለብድር የሚቆረጥበት ሠራተኛ ለቤት ኪራይ፣ ለቀለብና ለልጆች የሚተርፈው 4,762 ብር ይሆናል። ይህም ገደቡን ሳያልፍ ነው። ከሱቅ የሚወሰደው ዱቤ፣ የዕቁብ ዕጣ እንዲሁም እንደ ቴሌብር መላ ባሉ አገልግሎቶች በስልክ የሚወሰደው የአጭር ጊዜ ብድር በደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ አይታይም። በመሆኑም ፋይናንስ ክፍሉ አንድ ሦስተኛ ብሎ የሚመለከተው ዕዳ በቤት ውስጥ ግማሽ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው ወሩን ሳይጨርስ ደመወዙን እንደሚጨርሰው ሁሉ አርሶ አደሩም ዓመቱን ሳይጨርስ ምርቱን ይጨርሳል፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው በሠላሳኛው ቀን ሌላ ደመወዝ ያለው መሆኑ ነው።

የመክፈያ ጊዜን ማስተካከል ከወረዳ ሥልጣን ውጭ የሚመስላቸው ኃላፊዎች ይኖራሉ። በርግጥ የብድር ውል የባንኩ ነው። ይሁንና የቀበሌ አመራሩ የግብርና የመዋጮ አሰባሰቡን በአንድ ወር ላይ ከማጨናነቅ ይልቅ በታኅሣሥና በመጋቢት መካከል ሊያከፋፍለው ይችላል። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም መጋዘናቸውን ለማዳበሪያ ብቻ ከማዋል ተሻግረው፣ ማዳበሪያው በማይኖርባቸው የበጋ ወራት የአባሎቻቸውን ሩዝ ሊያስቀምጡበት ይችላሉ። ባንኩም ቢሆን ከዕዳው ከፊሉን በታኅሣሥ፣ ቀሪውን በግንቦት የሚያስከፍል ውል ቢያዘጋጅ ገንዘቡ ከነወለዱ ይመለስለታል። ለዚህ ሁሉ የሚወሰነው ጊዜ ግን ኅዳር ሳይሆን ሰኔ ነው፤ የዘንድሮው ዕዳ መቼ እንደሚከፈል የሚጻፈው ማዳበሪያው በሚታደልበት ቀን፣ ሩዙ ገና ሳይዘራ ነውና።