በባዕድ ቍልፍ የአገርን ፊደል ስለ መጻፍ

ዕውቀት ከየትም አገር ቢመጣ የሚጠቅም እንጂ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን የገዛውን ዕቃ ጠባይ መርምሮ ያልያዘ ሰው የዕቃው ጌታ መሆኑ ቀርቶ የዕቃው አገልጋይ ይሆናል።

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፥ በቦሌና በአካባቢው የሚሸጡት ላፕቶፖች ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ስለ ሆኑ፥ በቍልፎቻቸው ላይ ያለው ፊደል ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ለፈረንሳይ በተሠራው ላይ «ኤ» በ«ኪው» ስፍራ ተቀምጧል፤ ለጀርመን በተሠራው ላይ ደግሞ «ዋይ» እና «ዜድ» ስፍራ ተለዋውጠዋል። የጀርመኑን ገዝቶ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓት የሚሞክር ሰው፥ ሥርዓቱ ቍልፉን የአሜሪካ አድርጎ ከተቀበለው፥ አማርኛውን በላቲን ድምፅ ሲመታ «ዘመን» ሊል «የመን» ይወጣለታል። በዚህ ጊዜ ሥርዓቱን መርገም ይቀናል። ጥፋቱ ግን የሥርዓቱ አይደለም፤ በቍልፉ ላይ የሚታየው ምልክት ቀለም ብቻ ሲሆን፥ ፊደሉን የሚወስነው በውስጥ የተመረጠው የቍልፍ አሰላለፍ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ አሰላለፉን መምረጥ፥ የይለፍ ቃልንም ከዚያ በኋላ ማውጣት ይገባል።

ሊኑክስ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. ሊኑስ ቶርቫልድስ በተባለ የፊንላንድ ተማሪ የተጀመረ፥ ማንም ሊመረምረውና ሊያሻሽለው የተፈቀደለት ሥርዓት ነው። በፍላሽ ላይ ተጭኖ፥ በላፕቶፑ ውስጥ ያለው ሳይነካ ሊሞከር ይቻላል። እርግጥ አንዳንድ የሒሳብ ፕሮግራሞች ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ ስለ ሆኑ፥ መሥሪያ ቤት ሁሉ በአንድ ቀን ይለውጥ ማለት አይገባም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሙከራ የሚገኝ ትልቅ ትምህርት አለ። ቀድሞ ኢንጂነር አያና ብሩ የአገራችንን ፊደል በባዕድ የጽሕፈት መኪና ላይ ለማዋል ሲደክሙ፥ የፊደሉ ብዛት ከቍልፉ ብዛት መብለጡ ብርቱ ችግር ነበር። ኮምፒዩተር ይህን ችግር አቃለለው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም ሠሪ ለፊደላችን የየራሱን ቍጥር ስለ ሰጠው ሌላ ችግር ተወለደ። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም መዝገብ ገብቶ የጋራ ቍጥር አገኘ። ከዚያ አስቀድሞ በነበረው ልማድ የተጻፈ ሰነድ ግን፥ የተጻፈበት የፊደል ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ዝብርቅርቅ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። የፍርድ ውሳኔም ሆነ የደብር መዝገብ እንዲህ ከሆነ፥ ወረቀቱ ሳይቃጠል ጽሑፉ ጠፋ ማለት ነው።

አባቶች ቀለሙን በጥብጠው፥ ብራናውን ፍቀው የጻፉት መጽሐፍ ዛሬም የሚነበበው፥ ፊደሉ የሁሉ እንጂ የአንድ ነጋዴ ንብረት ስላልነበረ ነው። እንግዲህ የመሥሪያ ቤት አለቆችና የአድባራት አስተዳዳሪዎች አሮጌ ሰነዶቻቸውን ወደ ጋራው ቍጥር ያስመልሱ፤ የተመለሰውንም በሌላ ሥርዓት ላይ ከፍተው ይፈትኑ። በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ የሚነበብ መዝገብ ተጠበቀ አይባልም። ቍልፉ የባዕድ ቢሆን አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው የገዛ ጽሕፈታችን ለልጆቻችን ባዕድ የሆነ እንደ ሆነ ነው።