የአሮጌዋ መኪና ጣጣ

ባለቤታችሁ የሚወዳት አሮጌ የስፖርት መኪና በየወሩ የቤቱን አስቤዛ ትሻማ ይሆናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ «ከሸጥናት ሌላ አናገኝም» የሚል ስጋት በየቤቱ ይሰማል።

ከመጨቃጨቅ በፊት የአሊዩ አምባን መንገድ አስቡ። ለዘመድ ጥየቃ ከአንኮበር ወደ ይፋት ቆላ ስትወርዱ ቁልቁለቱ ረጅም ነው። በከባድ ማርሽ ካልተወረደ ፍሬን ያለማቋረጥ ይረገጣል፤ ይግላልም። የፍሬኑ ዘይት አርጅቶ እርጥበት ከሳበ ይፈላና ፔዳሉ ቢረገጥም አይዝም። በመልሱ ዳገት ደግሞ ያረጀ ራዲያተር ሞተሩን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል።

ስለዚህ የስድስት ወሩን የመለዋወጫና የጋራዥ ወጪ በደብተር መዝግባችሁ ከባለቤታችሁ ጋር ተመልከቱት። የልጆች ቀለብና የትምህርት ወጪ ሳይነካ ፍሬኗንና መሪዋን ማስጠገን ከተቻለ ትቆይ። ካልተቻለ ግን ጉድለቷ በግልጽ ተነግሮ፣ ሊጠግናት ለሚችል ሰው ትሸጥ።

የባለቤታችሁን ፍቅር አታጣጥሉበት። ነገር ግን ልጆች የሚሳፈሩባት መኪና ፍሬኗ የማያስተማምን ከሆነ ለአንድ ቀንም ልትነዳ አይገባም።