«በኋላ ይቀየራል» የሚለው ምክር

በጀርመን ለረጅም ጊዜ የሚኖሩ መጤዎች የጤና መድንን ቪዛ ለማግኘት ብቻ የሚቀርብ ማስረጃ አድርገው ስለሚያዩት፣ በርካሹ የግል ውል መጀመርና ኑሮ ሲደላደል ወደ ተሻለው መዛወር የብልህ አካሄድ ተደርጎ ይመከራል። የምክሩ ስሕተት ርካሹን ማስመረጡ አይደለም፤ የጀርመን ሕግ ከአንዱ የመድን ሥርዓት ወደ ሌላው መሻገርን በዕድሜ፣ በገቢና በቀድሞ የመድን ታሪክ መወሰኑን መዘንጋቱ ነው።

በሕግ የተቋቋመው መድን፣ በተለምዶ «ካሴ» የሚባለው፣ መዋጮውን ከገቢ ላይ በመቶኛ ያሰላል፤ መሠረታዊው ተመን 14.6 በመቶ ሲሆን እያንዳንዱ ካሴ የራሱን ጭማሪ ያክልበታል። ታማሚ ነው ብሎ ማንንም አይመልስም፤ ገቢ የሌላቸውን የትዳር ጓደኛና ልጆችም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያቅፋል። የግል መድን በአንጻሩ ዋጋውን የሚተምነው በአመልካቹ ዕድሜና ጤና ሲሆን፣ የቤተሰቡን አባላት ለየብቻ ያስከፍላል። ከካሴ ወደ ካሴ መቀየር በእርግጥ ቀላል ነው፤ 12 ወር የቆየ አባል አዲሱን ከመረጠ የቀድሞውን ስንብት የሚጨርስለት አዲሱ ካሴ ነው። መካሪዎቹ ግን ይህንኑ ቅለት በሁለቱ ሥርዓቶች መካከልም ያለ ያስመስሉታል።

ዕድሜው 30 ያልሞላ ተማሪ በካሴ የመመዝገብ ግዴታ አለበት፤ በግል መድን መቆየት ከፈለገ በሦስት ወር ውስጥ «ቤፍራዩንግ» የተባለውን፣ ከግዴታው ነጻ የሚያደርገውን ማመልከቻ ያስገባል። ይህ ነጻነት ትምህርቱ እስኪያበቃ አይሻርም። በግል መድን ሐኪሙ ሂሳቡን በቀጥታ ለተማሪው ይልካል፣ ተማሪው ከኪሱ ከፍሎ ደረሰኙን ለመድን ድርጅቱ ያስገባል፣ ድርጅቱ ደግሞ «ሕመሙ ከውሉ በፊት የነበረ ነው» ሊለው ይችላል፤ ያኔ ወደ ካሴ ልግባ ቢል የሚሰማው የለም። ተመርቆ የተቀጠረና ደመወዙ ሕጉ ካስቀመጠው ጣሪያ በታች የሆነ ሰው በግዴታው በኩል ወደ ካሴ ይመለሳል፤ የግሉን ሥራ የከፈተው ግን በፈቃድ አባል ለመሆን በካሴ የቆየበትን ዘመን መቁጠር ይኖርበታል፣ በኢትዮጵያ የከፈለው መድንም ለዚህ አይቆጠርለትም። 55 ዓመት ካለፈ ደግሞ ቢቀጠርም እንኳ በሩ በአብዛኛው ይዘጋበታል።

ከሁሉ የከፋው ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ ላላቸው የሚሸጠው ውል ነው። ሕጉ እንዲህ ያለው ውል ቢዘገይ በአምስት ዓመት እንዲያበቃ መዋዋልን ስለሚፈቅድ፣ በ32 ዓመቱ የገባ ሰው በ37 ዓመቱ አዲስ ተመዝጋቢ ይሆናል፤ በመካከሉ የጀመረው የስኳር ሕመምም ከዚያ በኋላ በማመልከቻው ላይ የሚሞላ የቀድሞ ሕመም ነው። ጥፋቱን ከአዲስ ውል ኮሚሽን በሚያገኘው ደላላ ላይ ብቻ መጣል አይበቃም፤ የቪዛ ሹሙም መድን መኖሩን ያረጋግጣል እንጂ ውሉ የትኛውን በር እንደሚዘጋ አይናገርም። ለስድስት ወር የቋንቋ ትምህርት የመጣ፣ እንደ ተማሪም በካሴ ሊመዘገብ የማይችል ሰው ርካሹን ውል ቢይዝ አይወቀስም፤ ይኸው ምክር ለመኖር ለመጣ ሰው ሲሰጥ ግን ገና ያልደረሰበትን የዕድሜውን ዘመን መሸጥ ነው።